ትልቁን ራስ ለመሬት፦ ስለ ጓሮ ነጭ ሽንኩርት የቀረበ ዲስኩር



መስቀል አለፈ፤ ክረምቱም ወጣ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላለ ባለጓሮ ነጭ ሽንኩርት መትከያው ጊዜ ደርሷል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በያዝነው ሳምንት እጃችሁን አፈር የምታስነኩበትን ነገር ነው።

የምዘረዝረው ብዙ ቢመስልም ፍሬ ነገሩ አንድ ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው። ጎመን ስንበላ ቅጠሉን ቀጥፈን ነው፤ ዘሩን አንነካውም። ነጭ ሽንኩርት ግን ወጥ ውስጥ የምንጨምረውም መሬት ውስጥ የምንቀብረውም ያው አንድ ፍንካች ነው። የየቤቱ ማድ ቤት የዘር ጎተራም ነው ማለት ነው። በብዙ ቤት የሚሆነውን ግን ታውቁታላችሁ። ትልልቁ ለመላጥ ስለሚቀል ቀድሞ ያልቃል። ማንም ሊልጠው ያልወደደው ደቃቁ ከቅርጫቱ ሥር ይቀራል፤ አንድ ቀን አረንጓዴ ጫፍ አውጥቶ ይገኛል፤ «ከሚጣልስ ይተከል» ይባላል። ከአምስት ወር በኋላ የኑግ ያህል ነገር ተቆፍሮ ሲወጣ መሬቱ ይታማል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ለመሬቱ ጥብቅና ነው። ጥፋቱ ያለው ከመሬቱ ሳይሆን ከአመራረጣችን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ተክሉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የነጭ ሽንኩርት የትውልድ አገር መካከለኛው እስያ፣ የቲያን ሻን ተራሮች አካባቢ ነው። እዚያ ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ድርቅ ነው። ተክሉ በሁለቱ መካከል ባለችው አጭር ጊዜ አድጎ፣ ስንቁን መሬት ውስጥ ቋጥሮ ደረቁን ወራት ተኝቶ ያሳልፋል። ራስ የምንለው ያ ስንቅ ነው። ከዚያ ተነስቶ ከሰው ጋር ብዙ አገር ዞሯል። በ1922 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የግብፁ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ራሶች ተገኝተዋል። በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይም እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሆነው ከግብፅ ምግብ ከናፈቋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነበር።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ትልቅ ራስ ያለውን እየመረጠ ሲተክል፣ ተክሉ አበባ አብቦ ዘር ማፍራቱን እየተወ መጣ። ከመካከለኛው እስያ የተሰበሰቡ ጥቂት ዓይነቶች አሁንም እውነተኛ ዘር ሊሰጡ እንደሚችሉ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይቷል። ገበያ ላይ የምናገኘው ግን በፍንካች ካልሆነ በሌላ አይራባም። ስለዚህ የተከላችሁት ፍንካች የእናቱ ልጅ አይደለም፤ እናቱ ራሷ ናት። በጎ ጠባይዋ ሁሉ ሳይጎድል ይተላለፋል፤ በሽታዋም እንዲሁ። በተለይ ቫይረስ አንዴ ከገባ ከፍንካች ወደ ፍንካች፣ ከዓመት ወደ ዓመት ይሄዳል። ቫይረስ ያደከመው ተክል ራሱ ትንሽ ይሆናል። እንግዲህ በየዓመቱ ትንሹን መርጦ የሚተክል ሰው ሳያውቀው ሕመምተኛውን እየመረጠ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ፍንካቹ ሥር ሰዶ ቅጠል እስኪያወጣ የሚመገበው ከራሱ ነው። ወፍራሙ ፍንካች ብዙ ስንቅ ይዞ ይነሳል፤ ጠንካራ ቅጠል ያወጣል። ደቃቁ ግን በሕይወት ቢቆይም ዘግይቶ ይጀምራል። አንዳንዴም ጨርሶ ሳይከፋፈል አንድ ድፍን ክብ ሆኖ ይቀራል። የውጭው ዙር ላይ ያሉትን ወፋፍራም ፍንካቾች ትከሉ፤ የመሃሉን ቀጫጭን ለድስቱ ተዉለት።

አሁን ወደ ዘር ግዢው እንምጣ፤ ገና የሚጀምር ሰው መግዛቱ አይቀርምና። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ታያላችሁ። አንዱ የሐበሻው ነው፤ ራሱ ትንሽ፣ ልጣጩ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅስ። ሌላው ከውጭ የሚገባው፣ ትልቅና ነጭ፣ ፍንካቹ ለመላጥ የሚመች ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ ከዓለም ምርት አራት እጅ ሦስቱን ያህል የምታመርተው እሷ ናት። «ትልቁን ትከሉ» ስላልኳችሁ ይህን እንዳትተክሉ። ነጭ ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው የቀኑን ርዝመትና የአየሩን ሙቀት አይቶ ነው። ከምድር ወገብ ርቀው የሚበቅሉት ዓይነቶች የለመዱት ረጅም የበጋ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ያ እንግዳ ተክል ምልክቱን ሲጠብቅ ቅጠል ብቻ እያበዛ ሊቀር ይችላል። ከዚህም ሌላ ለምግብነት ከውጭ ከሚመጣው ውስጥ እንዳያበቅል ታክሞ የሚላክ አለ።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁም በተቃራኒው በኩል ያው ፈተና አለባቸው። ዋሽንግተን ላይ በሰኔ ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። እዚያ የሚተከለው በረዶው ሳይመጣ በጥቅምት፣ የሚነሳውም በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ስለዚህ በሻንጣ ዘር አትላላኩ። ከቀኑ ርዝመት አለመስማማት በላይ፣ ከፍንካቹ ጋር የአፈር በሽታ ይሻገራልና ሕጉም አይፈቅድም። እነሱ የዚያን አገር ዘር፣ እናንተ የዚህን።

የእኛው ተመራማሪዎች የሠሩልንም አለ። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ፀዳይ 92፣ ቢሾፍቱ ነጭና ኩሪፍቱ ለኛ የቀን ርዝመትና ለኛ ደጋ የተመረጡ ናቸው። ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ ከሚታወቅ ገበሬ የተነሳ፣ ንጹሕ፣ ጠንካራ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት ግዙ። ራሱን ጨመቅ አድርጉት፤ የላላ ከሆነ ተዉት። ግርጌውንም ገልብጣችሁ እዩ፤ ነጭ ሻጋታ ወይም ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ካለበት ከነመያዣው መልሱ። ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ስለ ጊዜው ልናገር። በዝናብ የሚያመርተው ገበሬ ሰኔ አካባቢ ይተክላል። ለከተማ ጓሮ ግን፣ በተለይ መረሬ አፈር ላለው፣ የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ሥሩን ያፍነዋል፤ ዋግና አበስብስም ይጋብዛል። ውሃ በባልዲም ቢሆን ማጠጣት የሚችል ሰው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢተክል ይሻለዋል። ድንችን የሚያቃጥለው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ለነጭ ሽንኩርት ወዳጁ ነው፤ ራሱን ወደ ፍንካች የሚከፋፍለው ብርዱን ሲቀምስ ነውና። ከአራት ወር ተኩል እስከ አምስት ወር ቆይቶ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይደርሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይጠወልግላችኋል፤ ለፋሲካው ዶሮ ወጥም ከጓሮ ታቀርባላችሁ።

መሬቱ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ይሁን። መረሬ ከሆነ መደቡን ከዙሪያው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። አፈሩን አለስልሱ፤ በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ያልተብላላ እበት ግን አይግባ፤ ትልና ሻጋታ ይዞ ይመጣል። ጓሮ የሌላችሁ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም አልተረሳችሁም። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ታቹ የተበሳ ማንኛውም ነገር ይሆናል፤ አሮጌ ሳፋ፣ የተቆረጠ ጄሪካን፣ በአፈር የተሞላ ማዳበሪያ። ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ ብቻ ይኑራችሁ።

ፍንካቾቹን የምትለያዩት በምትተክሉበት ቀን ነው። ቀድሞ የተለያየ ይደርቃል። ልጣጩን አትላጡ። ሥር የሚወጣበት ጠፍጣፋው ወደ ታች፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላዩ ሁለት ጣት ያህል አፈር ይልበስ። በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ በፍንካችና በፍንካች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በዚህ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ላይ 33 ያህል ፍንካች ይገባል። አሥር ካሬ ሜትር ያለው ሰው 330 ይተክላል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ራስ 25 ግራም ቢመዝን ስምንት ኪሎ ያነሳል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ቅጠል ቀጭን ስለሆነ መሬቱን አያጠላም፤ ስለዚህ አረም ይበረታበታል። ሥሩም ሩቅ አይሄድምና ኩትኳቶው ላይ ላዩን፣ ቢቻል በእጅ ይሁን። በደረቅ ገለባ ብትጎዘጉዙት አረሙም ይቀንሳል፣ እርጥበቱም ይቆያል። በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ጠልቆ እንዲገባ አድርጋችሁ ውሃ አጠጡት። ማዳበሪያ የምትጠቀሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጨርሱ። ራሱ መወፈር ከጀመረ በኋላ ዩሪያ ብትሰጡት ቅጠል ያበዛል፤ ራሱም ልል ሆኖ መቀመጥ አይችልም። በበጋ ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረት ካያችሁ ትሪፕስ የምትባለው ጥቃቅን ተባይ ናት፤ ቅጠሉ ግርጌ ስለምትደበቅ እዚያ ድረስ በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡት። ብርቱካናማ ዱቄት የሚመስል ነገር ከታየ ዋግ ነው፤ የተመታውን ቅጠል ልቀሙ፣ ውሃውንም ከላይ ሳይሆን ከሥር አጠጡ።

አሁን ስለ ጥቁር ነጥቦቹ ወዳቆየሁት ጉዳይ ልመለስ። ነጭ አበስብስ ይባላል። በሰሜን ሸዋ ደጋ የነጭ ሽንኩርት ገበሬውን ያማረረው ይህ ነው። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉን ሳብ ስታደርጉት ያለምንም ትግል ይመጣል፤ ግርጌው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ቆይቶ ያ ሻጋታ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር እንክብሎች ይሠራል። እነዚህ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተኝተው ይቆያሉ። የሚነቁትም በዝናብ ወይም በፀሐይ አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ሥር አፈር ውስጥ የሚለቀው ዲን ያለበት ውህድ አለ፤ ወጡን የሚያጣፍጠው ሽታ ዘመድ ነው። እንክብሎቹ ያንን ሲያገኙ ጠላት እንዳገኘ ዘበኛ ይነሳሉ። ጎመንና ካሮት ብትተክሉባቸው ምንም አይሉም፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት ብትተክሉ ግን ሌሊቱን አይተኙም።

ለዚህ በቤት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት የለም፤ ያለው ጥንቃቄ ነው። የታመመ ተክል ካያችሁ ከነአፈሩ ቆፍራችሁ በላስቲክ አስራችሁ አስወግዱ። ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። ዶማውንና ጫማውን አጥባችሁ ወደ ሌላው መደብ እለፉ። ያ ቦታ ከእንግዲህ የሽንኩርት ወገን እንዳይነካው፤ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ባቄላ ትከሉበት። ጤነኛ መደብ ላይም ቢሆን ነጭ ሽንኩርትን ቢያንስ ለሦስት ዓመት አትመላልሱ። በሽታው የሚገባው በአብዛኛው ከተገዛ ዘርና በላዩ ከተጣበቀ አፈር ጋር ነው። የራሱን ንጹሕ ዘር ከራሱ መደብ የሚይዝ ቤት በሩን ዘግቶበታል ማለት ነው፤ ትልቁን ራስ ለመሬት ማስቀረት ያለበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ምርት ማንሳቱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ወይ ይቸኩላል ወይ ይዘገያል። ከእያንዳንዱ አረንጓዴ ቅጠል ግርጌ አንድ አንድ ሽፋን ወርዶ ራሱን ይጠቀልላል። ሰባት ጤነኛ ቅጠል ካለ ሰባት ሽፋን አለ። ቅጠል ሲደርቅ ሽፋኑም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ ቅጠሉ ሁሉ እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ልጣጩ የተቀደደ፣ ፍንካቹ መሬት ውስጥ የተበታተነ ነገር ያገኛል፤ አይቀመጥለትም። ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ ሳለ የቸኮለው ደግሞ ፍንካቹ ያልሞላ፣ አንገቱ ውሃ የቋጠረ ይሆንበታል። ጊዜው ከታች ያሉት ቅጠሎች ግማሽ ያህሉ ደርቀው ከላይ ያሉት አረንጓዴ ሲሆኑ ነው። ሁለት ሦስቱን ቆፍራችሁ አንዱን በአግድም ቁረጡት፤ ፍንካቹ ልጣጩን ሞልቶ ከወጠረው ደርሷል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ውሃ ማጠጣቱ ይቁም። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ከመጣ ግን አትጠብቁት፤ ቶሎ አንሱ።

ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ አንገቱ ይበጠሳል። ራቅ ብላችሁ አፈሩን በዶማ ወይም በሹካ ፈንቅሉና በእጅ አንሱት። እያጋጩ አፈር ማራገፍ ልማዳችን ነው፤ ተዉት። የተጋጨው ቦታ አሁን ባይታይም ከወር በኋላ ይሻግታል። ውሃም አታስነኩት። ከነቅጠሉ ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ አልጋ ሥር ሳይሆን በረንዳ ወይም ቆጥ ላይ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ዘርጉት ወይም ስቀሉት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይቃጠላል። አንገቱ ደርቆ ሲጠብ፣ ልጣጩም ሲንኮሻኮሽ ጠወለገ ይባላል። ያኔ ሥሩን ከርክሙ፤ ቅጠሉን ጎንጉናችሁ ስቀሉ ወይም አንገቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡና በቅርጫት አስቀምጡት።

ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚከቱ አሉ። የሚበላውን አታስገቡ፤ ብርዱ «ክረምት አለፈ፣ ተነስ» ይለዋልና ያበቅላል። የዘሩን ግን ከመትከል በፊት ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ብታስገቡት ያው ብርድ ይጠቅማችኋል፤ በአንድ ላይ ይነቃል፣ ራሱንም በደንብ ይከፋፍላል። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አድርጎ ለሚያቆይ ነው። ዘይቱ አየር ሲዘጋ፣ ከአፈር አብሮ የመጣው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ መርዝ ሊሠራ ይችላል። ሽታውም ጣዕሙም አያሳብቅም። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ እንዲህ ከተዘጋጀ ነጭ ሽንኩርት የተነሳ ብዙ ሰው ታሟል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርጋችሁ በሦስት አራት ቀን ጨርሱት፤ ብዙ ከሆነ በረዶ ቤት ይግባ።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቁጥር እንመለስ። 330 ራስ አነሳችሁ እንበል። ለሚቀጥለው ዓመት 330 ፍንካች ትፈልጋላችሁ። ከአንድ ጥሩ ራስ ለመትከል የሚበቃ ስምንት ያህል ወፍራም ፍንካች ቢወጣ፣ የሚያስፈልጋችሁ አርባ አንድና አርባ ሁለት ራስ ብቻ ነው። ከስምንት አንዱ! የሰባቱ ባለቤት ድስቱ ነው። የዘሩ ድርሻ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ሳለ ነው እኛ ለመሬት ትራፊውን የምንሰጠው።

ስለዚህ ምርቱ ጠውልጎ ሲያበቃ፣ ማንም ሰው አንድ ራስ ወደ ማድ ቤት ሳያስገባ በፊት፣ መጀመሪያ የዘሩን ለዩ። ትልቁን፣ ጠንካራውን፣ ግርጌው ንጹሕ የሆነውን፣ መደቡ ላይ ሳለ ቅጠሉ ያላዘነውን። ጎንጉናችሁ ለብቻው፣ ከክረምቱ እርጥበት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ጭስ በሚደርስበት ጣሪያ ሥር የሚሰቅሉም አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ይወቀው፤ እንግዳ ቢመጣ፣ በዓል ቢደርስ፣ ገበያው ቢወደድ አይነካም። ነሐሴ ላይ አውርዳችሁ ፈትሹት፤ የላላውንና የሻገተውን አውጡ። ለዚህም ብላችሁ አምስት ስድስት ራስ መጠባበቂያ ጨምሩበት።

ጎረቤት ለጎረቤትም ተነጋገሩ። አንዱ ዘሩ ቢበላሽበት ከሌላው ይወስዳል፤ ከገበያ ከሚመጣው የማይታወቅ ዘር፣ መደቡን አጥር ላይ ቆማችሁ ስታዩት የከረማችሁት ይበልጣል። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ሰፈር የራሱ፣ አፈሩን የለመደ ነጭ ሽንኩርት ሊኖረው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ መሬትም ሆነ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ከስምንት አንዷን ትልቅ ራስ ከመላጥ መታገስ ነው።

እጃችሁ ይባረክ፤ ዘራችሁ ይብዛ።